የአርማን ቪላር አሥራ ሁለት ቅጾች

ሰኞ ጠዋት አጸደ ወለሉን ወልውላ ሳትጨርስ አዲሷ ኃላፊ ሮሐ ቢሮ አስጠራቻት።

"ቪላር የሚባል ሰው ያውቃሉ?"

"የት ነው የሚሠራው?" አለች አጸደ።

ሮሐ አልሳቀችም። ውጭ አገር ተምራ መጥታ ጉለሌ ያለውን የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ከተረከበች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ኮምፒውተሯን አዞረችላት። ጢሙ የተንዠረገገ ፈረንጅ ከስክሪኑ ውስጥ አፈጠጠ።

"ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ዕድሜ ልኩን የደረሰው ሁሉ በአሥራ ሁለት ቅጽ ታትሞ በስጦታ ተሰጥቶናል። የስጦታው ደብዳቤ አለ፣ መጻሕፍቱ ግን የሉም።"

አጸደ ያንን ጢም በደንብ ታውቀዋለች። ቀጨኔ ቤቷ ውስጥ፣ ከልጇ ከሄርሜላ አልጋ በላይ ተለጥፏል። ሄርሜላ ፒያኖ ትማራለች፤ ስለ ፈረንጁ ስታወራ የእናቷን ታናሽ ወንድም የምታነሳ ነው የሚመስለው፦ አርማን እንዲህ አለ፣ አርማን እንዲህ አደረገ።

ሮሐ ሁልጊዜ ተቆልፎ ወደሚውለው ክፍል ወሰደቻት። አራት ሺህ መጻሕፍት አሉበት። ጡረታ የወጡት የቀድሞው ኃላፊ ጋሽ ስብሐት ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጥቁር ጨርቅ አስጠርዘው፣ በገዛ እጃቸው ነው የደረደሯቸው። የመጻሕፍቱ ዝርዝር የነበረበት የካርድ መሳቢያቸው ግን ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። ሮሐ ክፍሉን አቋርጣ ጥግ ላይ ያለው የ"ቪ" መደርደሪያ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው።

"የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው እኔና እርስዎ ጋ ብቻ ነው፣ ወይዘሮ አጸደ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተመለሱ ለፖሊስ አመለክታለሁ።"

አጸደ እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት አቧራ ጠርጋለች። የፈረንጅ ፊደል ስለማትለይ ግን የቱ መጽሐፍ የማን እንደሆነ ጠይቃም አታውቅ።

ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ የተመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከወር በፊት ሄርሜላ ለምናት ነበር። "እማዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ አስገቢኝ። የአርማን ሙሉ ሥራ እዚያ አለ አሉ።" እሷም "ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?" ብላ ተቆጥታት ነበር። በዚያው ሳምንት ቁልፉን ቤት ረስታ የሄደችበት ቀን መኖሩ አሁን ትዝ አላት።

ቤቷ እንደገባች የልጇን ፍራሽ ገለጠች። ከሥሩ ክምር ወረቀት አለ፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ሙሉውን በሙዚቃ ምልክት የተሞላ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያው ጢም አለ። አጸደ ፍራሹን መልሳ አነጠፈችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጅቷ ለውጭ ትምህርት ዕድል ልትፈተን ሁለት ሳምንት ነው የቀራት። ሌባ ከተባለች አለቀላት።

ሄርሜላ ስትመጣ ራቷን በቅጡ አልነካችም።

"እማዬ፣ መጻሕፍት ጠፉ አሉ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። እ... ማለቴ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ለቆራሌው የሸጥሽው የረጠበውን ጋዜጣ ብቻ ነው አይደል?"

"አስፈቅጄ የሸጥኩትን? ሌላ ምን ይሆናል?"

"ምንም። በቃ ተዪው።"

አጸደ "ራሷ ሰርቃ በእኔ ልታላክክ ነው" ብላ አሰበች። ቢሆንም ልጇ ናትና አላጋለጠቻትም፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓርብ ድረስ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሰነበቱ።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ አጸደ ነጠላዋን አስተካክላ የሮሐን ቢሮ አንኳኳች። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው ያደረችውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

"መጻሕፍቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የት እንዳደረስኳቸው አልናገርም። ልጄ ግን ምንም አታውቅም።"

ሮሐ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ አቀበለቻት። የሄርሜላ የእጅ ጽሑፍ ነው።

"መጻሕፍቱን የእናቴን ቁልፍ ሰርቄ አውጥቼ ለቆራሌው የሸጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ ምንም አታውቅም።"

"ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ" አለች ሮሐ።

አጸደ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። ያንን ፈረንጅ እንደዚያ የምትወድ ልጅ መጻሕፍቱን ለቆራሌው? በፍጹም! ያኔ ገባት። ሄርሜላ አልሰረቀችም፤ ፍራሹ ሥር ያለው አዲስ ወረቀትም ከኢንተርኔት አውጥታ ያሳተመችው እንጂ ከጥቁሮቹ ጥራዞች የወጣ አይደለም። እናቷ ማንበብ የማትችለውን መጽሐፍ ከጋዜጣው ጋር ደባልቃ የሸጠች መስሏታል፤ ልትሸፍንላት ነው የዋሸችው።

"ውሸቷን ነው! እኔም ውሸቴን ነው!"

"አሁን ነው ውሸት የሆነው?" አለች ሮሐ። ጠዋት ደብዳቤው እንደደረሳት የጠራቻቸው ፖሊሶች ሄርሜላን መሐል አድርገው ኮሪደሩ ላይ ደርሰዋል። አጸደ ሮጣ ልጇ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አንደኛው ፖሊስ የሁለቱንም ስም ወረቀት ላይ መዘገበና "ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ" አለ።

ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ስብሐት ከዘራቸውን ተደግፈው እያለከለኩ ገቡ። ሮሐ ለምስክርነት ጠርታቸው ከሸጎሌ በታክሲ መምጣታቸው ነው። ሁሉንም አስከትላ ክፍሉ ውስጥ አስገባቻቸውና ባዶውን መደርደሪያ አሳየቻቸው።

"የቪላር ቅጾች እዚህ እንደነበሩ ለፖሊሶቹ ይመስክሩልን።"

ሽማግሌው መደርደሪያውን አዩ፤ እናትና ልጁን አዩ።

"ሰው የራሱ ስም እያለው በአባቱ ስም ይፈለጋል እንዴ?" አሉና ወደ በሩ ተመልሰው ከ"ኤ" መደርደሪያ ላይ አርማንን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ያወርዱ ጀመር።