ሞቅ ያለ ዘፈን

ታናሽ እህት የሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጥቁር ልብሷን አወለቀችና ቀይ ሹራብ ለብሳ ወጣች። እናታቸው ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት አልፏል። መርዶው ግን የታላቅየዋ የካንሰር ሕክምና እስኪያልቅ ይቆይ ብሎ ዘመድ ተማክሯል።

ታላቅየዋ ቢጫ ሻሽ አስራ፣ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ጠበቀቻት።

"እማዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት እታለም። ጉልበቷን አሟት ነው እንጂ ልትመጣ ነበር።"

ታናሽየዋ እንባዋ ሳይቀድማት ስልኳን አወጣች። ሐኪሙ ታላቅየዋ መንፈሷን የሚያነቃቃ ነገር ታዳምጥ ብሏል። ስታማርጥ ቆይታ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የማይሰማውን የሠርግ ዘፈን ከፈተች። አንዱን ማዳመጫ ለእህቷ ጆሮ፣ ሌላውን ለራሷ ሰካች።

"ይሄ ጥሩ ነው" አለች ታላቅየዋ። ፈገግ ብላ ትከሻዋን ነቅነቅ ስታደርግ ቢጫው ሻሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፀጉር የሌለው ራሷ ላይ፣ ከቢጫው ሥር፣ ጥቁር ሻሽ አጥብቃ አስራለች።

ዘፈኑ እልልታው ላይ ደርሷል።

ታላቅየዋ ቢጫውን ሻሽ ቀስ ብላ ወደ ግንባሯ መለሰችው።

"ሌላ ምረጪልኝ" አለች፤ "ከዚህም ሞቅ ያለ።"