አንድም ቀን ያልጠየቁ አማት

«ተኝታለች… ሌላ ቀን ኑ።»

በሩ ተዘጋ።

አልተኛችም ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች…

የመጡት አብረዋት የሚሠሩ ፀጉር ሠሪዎች ናቸው። የመለሷቸው ደግሞ አማቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ካገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጅ ግን እምቢ አለ። ደንበኞቿ ልጅ ይዘው ሲመጡ፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለውን ፎጣ አጥፋ ታንተርሰው ነበር። እናቱ ይዛው ስትሄድ ፎጣው ላይ የቀረውን ሙቀት በእጇ ትዳብሳለች…

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄዱ። ላብራቶሪ ውስጥ የተፈጠረው ፅንስ ወደ ማህፀኗ ገባ።

ከስኳር ፍሬ የምታንስ ነገር ናት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታስነጥስ እንኳን ሆዷን በእጇ ትደግፋለች።

ሲስተሯ ስትሸኛት መክራታለች።

«አልጋ ላይ መዋል አያስፈልግም፣ ተንቀሳቀሺ። ከባድ ነገር ብቻ አታንሺ። ሆድሽን ቆረጥ ሊያደርግሽ፣ ትንሽ ደም ጠብ ሊል ይችላል። ጡትሽንም ሊያምሽ ይችላል፤ ግን የምንሰጥሽ መድኃኒትም እንደዚያ ያደርጋል። ስለዚህ ምልክት አትቁጠሪ። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ለደም ምርመራው ነይ።»

ምልክት አትቁጠሪ… ይህ ለማን ነው የሚባለው?

ጠዋት ጡቷን ሲያማት «ይዟል» ትላለች። ከሰዓት ሲተዋት «አለቀልኝ» ትላለች። ስም ታወጣለች፤ ወዲያው ሟርት እንዳይሆንባት ትተወዋለች።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሥራ ሲወጣ ብቻዋን እንዳትሆን እናቱን አመጣላት።

(«አማት» ስል ምን እንዳሰባችሁ አውቃለሁ… ታገሱኝ።)

እሷም ያሰበችው ያንኑ ነው። ምክንያቱም አማቷ አይጠይቁም።

«ምን ተሰማሽ?» የለም። «ሐኪሟ ምን አለች?» የለም። የሚያወሩት ስለ ውሃ መቆራረጥና ስለ ጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የዳይፐር ማስታወቂያ ሲመጣ ሪሞቱን አንስተው ይቀይራሉ። ስልኳ ሲጠራ ቀድመው አንስተው «አልተመቻትም» ይሉና ይዘጋሉ።

ሆድ ባሳት። ለባሏ ደወለች።

«እናትህ አፍረውብኛል። ሰው እንዳያየኝ እየደበቁኝ ነው።»

«እናቴ? ኧረ እሷ እንደዚያ አይደለችም…»

«አንድ ቀን እንኳን ‹አይዞሽ› አላሉኝም እኮ።»

«ስመለስ እናወራለን» ብሎ ዘጋ። በእናትና በሚስት መሀል የገባ ወንድ ምን ይላል…

አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጠብታ ደም አየች።

ሲስተሯ ያለቻት ሁሉ ከራሷ ጠፋ። እንዳይሰማባት ቧንቧውን ከፍታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንደምንም ብላ ክሊኒክ ደወለች። «ጠብታ ከሆነ ያጋጥማል፤ ከጨመረ ነይ፤ መድኃኒቱን ግን እንዳታቆሚ» አሏት።

ስትወጣ አማቷ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ያበጠ ዓይኗን አይተዋል።

ፎጣ አቀበሏትና ወደ ኩሽና ተመለሱ።

«የድንጋይ ልብ» አለች በሆዷ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ባሏ መንገድ ላይ ነው። አማቷ ማንም ሳይጠራቸው ጫማቸውን አድርገው ተከተሏት። ታክሲ ውስጥም ያወሩት ስለ ውሃ መቆራረጥ ብቻ ነው።

ደም ሰጠች… ጠበቁ… ሐኪሟ ጠርታ አስገባቻት።

አልያዘም።

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ የያዘችው ሁሉ አመለጣት።

«በሉ ደስ ይበልዎት። ልጅዎ የምትወልድለትን ያግባ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ… አይመለስም።

አማቷ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ባልሽን ያገኘሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም።

«ያኔ እንዲህ ያለ ሕክምና የለ። በየወሩ እጠብቃለሁ። ያማቴ የጠዋት ሰላምታ ‹አለ ነገር?› ነበር። ጎረቤት ‹አለ ነገር?›፣ እህቶቼ ‹አለ ነገር?›… ለክፋት አይደለም። ግን ልጄ፣ እኔ በወር አንድ ጊዜ አልነበረም ተስፋዬን የምቀብረው። በጠየቀኝ ሰው ልክ ነበር።»

«እማማ…»

«ልጄ ‹አብረሻት ሁኚ› ሲለኝ ለራሴ ማልኩ። እኔ አልጠይቃትም፤ የሚጠይቃትንም ደጃፏን አላስረግጥም። ባልደረቦችሽ ገና ደረጃው ላይ ‹ያዘላት ይሆን?› ሲባባሉ ሰማኋቸው፤ መለስኳቸው። እኔ መጠየቅ ሳልፈልግ ቀርቼ መሰለሽ? ምላሴን ነክሼ ነው የከረምኩት።»

ትከሻቸው ላይ ወደቀች። እሳትና ጭድ የሚባሉት አማትና ምራት ክሊኒክ ወንበር ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ኮሪደሩን የምትወለውለው ሴትዮ እንኳን አቅጣጫ ቀየረች።

እንባዋን ጠርጋ «ክሊኒኩ ውስጥ በቅዝቃዜ የተቀመጠልን አንድ ሌላ ፅንስ አለ» አለቻቸው።

አማቷ አፋቸውን ከፈቱ… መልሰው ገጠሙት።

ሳቋ መጣ። ከስንት ቀን በኋላ።

«ይጠይቁ እማማ… እርስዎ ይጠይቁኝ።»

«መቼ ነው?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ወዳጆቼ… ልጅ የምትጠብቅ ሴት የምሥራች ሲኖራት ለመናገር የማንንም ጥያቄ አትጠብቅም። እስከዚያው ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥም ፍቅር ነው። ዝም ያለ ሁሉ ደግሞ ጠላት አይደለም።

«ከዚያስ… ወለደች?» ልትሉኝ ነው አይደል?

እኔም አልጠየቅኳትም።

እናንተን ግን ልጠይቅ… «አይወደኝም» ብላችሁ የተቀየማችሁት፣ ኋላ ግን በዝምታው ሲከልላችሁ እንደነበር የገባችሁ ሰው ማነው? ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ምን ትሉታላችሁ?