የፈረሰኛው ፊት

ስርጉት በመተማ ዮሐንስ ለሙሽሮች ሂና በመሳል ትታወቃለች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ሳጂድ የመረጣትም ለዚሁ ነው።

ሳጂድ ካርቱም ውስጥ የመጫወቻ ሱቅ ነበረው። ጦርነቱ ሲነሳ ድንበሩን የተሻገረው ሁለት ካርቶን ብቻ ይዞ ነው። ውስጣቸው አውራ ጣት የሚያካክሉ ግራጫ የፕላስቲክ ምስሎች ነበሩ፤ ክንፍ ያላቸው ፈረሶች፣ ዘንዶዎች፣ ጋሻ ያነገቡ ተዋጊዎች፣ ቆባቸው የረዘመ ጠንቋዮች። ቀለም ሲቀቡ ፈላጊ አላቸው። የሳጂድ እጅ ግን ከጦርነቱ ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

ባሏ አለነ ነገሩን አልወደደውም።

«ከማታውቂው ወንድ ጋር ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ አሻንጉሊት ልትቀቢ?»

«ብቻችንን አይደለንም። እትየ ባየሽ አሉ።»

ባየሽ ሳጂድ የተከራየበት ግቢ ባለቤት ናቸው። ጥቁር ልብስ ከላያቸው አይወርድም። ቤቱን የገዙት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከጎንደር መጡ ይባላል። ዳሱ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ ሲያበጥሩ ይውላሉ። አለነ አንድ ቀን ሳያስታውቅ ሄዶ አያቸውና ሰላም ብሏቸው ተመለሰ።

የስርጉት የመጀመሪያ ሥራዎች አላማሩም። ቀለሙን ከጠርሙሱ እንደወጣ ትለቀልቀዋለች፤ የምስሉ አፍና አፍንጫ ተደፍኖ ይቀራል።

«ይህ ዘንዶ ነው ወይስ ገንፎ ውስጥ የወደቀ እንሽላሊት?» ይላል ሳጂድ። እናቱ ኢትዮጵያዊት ስለነበረች አማርኛው የተባ ነው። ከዚያ ምስሉን አልኮል ውስጥ ይነክረዋል። የሁለት ቀን ሥራዋ ዓይኗ እያየ ታጥቦ ይሄዳል።

ቀስ በቀስ ገባት። ቀለሙን በውሃ አቅጥና ትደርባለች፤ የፊተኛው ሳይደርቅ ሌላ አታስነካም። ጎድጓዳው ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ታፈስሳለች፤ ጉብ ያለውን ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ታፈካዋለች። በመተማ ሙቀት ቀለሙ ብሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል፤ እርጥብ ስፖንጅ ላይ አድርጋ መሥራትን ራሷ አገኘችው። ሳጂድ ይህን አየ። በማግስቱ እሱም ቀለሙን እርጥብ ስፖንጅ ላይ አስቀመጠ።

እምቢ ያላት ፊት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ለናሙና አንድ ፈረሰኛ እንዲላክለት ጠይቋል። ከወደደው የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ የስርጉት ይሆናል። ጋሻው አማረ፣ ፈረሱም አማረ።

«ፊቱ ሞቷል» አለ ሳጂድ። «ማንንም አይመስልም። የምታውቂውን ሰው ሳዪ።»

አለነን ሳለችው። ሳጂድ ሳቀ። አለነ ራሱ ሲያየው «ጆሮዬ እንዲህ ነው?» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ።

«ወንድም የለሽም፣ ልጄ?» አሉ ባየሽ ከዳሱ ሥር።

«ነበረኝ። እንዳለው ይባላል። ሞተ።»

ይህን ያልሰማ የለም። እንዳለው በትውልድ ቀያቸው በሳንጃ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለና ወደ ቋራ ሸሸ። ዓመት ሳይሞላው በወባ ሞተ ተባለ፤ የተቸነከረ ሣጥን መጥቶ ተቀበረ። ሽማግሌዎቹም ገዳዩ ከሞተ ደም የለም ብለው ነገሩን ዘጉት። ስድስት ዓመት ሆነው። ስርጉት ያኔ መተማ አግብታ ስለነበር የሟቹን ቤተሰብ አታውቅም።

«እሱን ሳዪው እንጂ» አሉ ባየሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእናትሽም ማስታወሻ ይሆናል።»

ስርጉት ብሩሹን አስቀመጠች። ቆይታ መልሳ አነሳችው።

የሳለችው ጉንጩ ለስላሳ የሆነ ወጣት ነበር። ሳጂድ አልኮል ውስጥ ነከረው። «ይህ የመታወቂያ ፎቶ ነው።» ደግማ ሳለች፤ ደግሞ ነከረው። በሦስተኛው አለቀሰች።

«እያየሽው አይደለም» አለ ሳጂድ። «እየደበቅሽው ነው።»

በዚያው ሳምንት ለቅሶ አለብኝ ብላ ቋራ ውስጥ ወዳለችው ገለጉ ሄደች። በአራተኛው ቀን ተመለሰች።

በማግስቱ አለነ ዱላውን ይዞ ግቢው ውስጥ ገባ። ስርጉት አልመጣችም ነበር።

«ገለጉ ከማን ጋር ነበረች?» ብሎ ሳጂድ ላይ ጮኸ። «ለቅሶ የሚባል አልነበረም። ጠይቄ አረጋግጫለሁ!»

ሳጂድ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ባየሽ ተነስተው በመሃል ቆሙ።

«እሱ ከዚህ ግቢ አልወጣም። በልጆቼ እምላለሁ። ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ።» ውሃ ሰጡት። «ገለጉ ነው ያልከኝ? የት ወረደች?»

«አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ገባች አሉኝ።»

«ስለት ልታደርስ ሄዳ ይሆናላ፤ ካምፑ ማደሪያዋ ነው። ሚስትህ ጨዋ ናት። እንዳትነካት።»

አለነ አፍሮ ወጣ። ቤቱ ሲገባም ክፉ አልተናገራትም።

ስርጉት ፈረሰኛውን ለአራተኛ ጊዜ ያዘችው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀና አላለችም። አገጩ ላይ የሸበተ ጺም አወጣችለት። የግራ ዓይኑን ቆብ ዝቅ አደረገችው። ከንፈሩን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል።

ሳጂድ በማጉያ መነጽሩ ብዙ አየው።

«አሁን ሰው ነው» አለ። «ከእንግዲህ የማስተምርሽ የለኝም።»

ስርጉት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ባየሽ ምስሉን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አቆሙትና በስልካቸው ፎቶ አነሱት።

«ልጆቼ ይዩልኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የት ይገኛል!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ስርጉት ለአለነ ልትነግረው እየሮጠች ወጣች።

ባየሽ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ፎቶውን ለበኩር ልጃቸው ልከው ደወሉለት።

«እንዳለው ጺም አሳድጓል፤ የግራ ዓይኑ ቆብ ወድቋል» አሉት። «ገለጉ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው ያለው። የአባታችሁን ደም ሂዱና መልሱ።»