ቁልቁል ያደጉት ጥዶች

ሸዋአየሁ ኮሶዬ በተባለ ቦታ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ የጥድ ችግኞችን በየሳምንቱ እየለካች ትመዘግባለች። ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ፣ ከመተከላቸው በፊት እንዳይረዝሙ እድገት የሚገታ መድኃኒት የምትረጫቸውም እሷው ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር የነበሩት ችግኞች አሥራ አራት ሆነው አገኘቻቸው። ጫፋቸው አልደረቀም፤ የቆረጣቸውም የለም።

«አያ ህሩይ፣ ምነው ቁልቁል ያድጋሉ?» አለች የጣቢያውን ኃላፊ።

«ስትለኪ ተሳስተሽ ነው» አላት ቀና ሳይል። «መድኃኒቱ ባሉበት ያቆማቸዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሳቸውም።»

መርጨቱን ተወች። እነሱ ግን ማነሳቸውን አልተዉም።

ማክሰኞ ዕለት ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። በትዳር አሥር ዓመት ጠብቃ ያገኘችው የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ስምንት ወሯን ይዛለች። ሰሞኑን ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር፤ ይህን ግን ለነርሷ ሳትነግራት አልጋው ላይ ጋደም አለች።

ነርሷ ሆዷን በሜትር ለካች፣ አዳመጠችም።

«ሸጋ ነው፤ ልቡ በደንብ ይመታል» አለቻት ፈገግ ብላ። «አምስት ወር ሆኖታል።»

ሸዋአየሁ ያለፈውን ወር ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። ነርሷ «ሰባት ወር» የሚለውን የራሷን ጽሕፈት ቆማ አነበበች። ከዚያ ሜትሩን አንስታ እንደገና ለካች።

«አራት» አለች።