ሁለት የማደሪያ ኩፖኖች

ጭጋጉ የዙሪክን በረራ ሁሉ አሰረዘ። ለ«አስቸኳይ ውይይት» ወደ አዲስ አበባ የተጠሩት ሁለት ጓዶች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ ባንኮኒው ላይ የተቀመጡላቸውን የሆቴል ማደሪያ ኩፖኖች አፍጥጠው ያዩ ነበር። ከእነሱ በፊት ተጠርቶ የሄደው ባልደረባቸው እንደ ወጣ ቀርቷል። «እዚሁ እንቅር» የምትለዋን ቃል እያንዳንዱ ከሌላው አፍ ጠበቀ።

«ምነው ጓድ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«እኔን? አብዮተኛን ጭጋግ አይመልሰውም! በባቡር ሮም፣ ከዚያ በአውሮፕላን» አሉ ሽማግሌው።

«ከአፌ ነጠቁኝ!»

ባቡሩ ላይ ጣሊያናዊው ተቆጣጣሪ ትኬት ሲጠይቃቸው ሁለቱም ኪሳቸውን ዳበሱ። ሁለቱም ተሳስተው የሆቴሉን ኩፖን አወጡ። ተያዩ።

«ይሄማ የሚሠራው ዙሪክ ነው» አለ ሰውዬው እየሳቀ። ባቡሩ ድንበሩን አልፎ ነበር።