ሆዳቸው የተከፈተ ጠመንጃዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ላወራው ስል ድምፄ ይጠፋል፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን ሶዶን በያዘ ጊዜ የባላምባራስ ጉልላት ሚስት ነበርኩ። ዱቦ ሚሲዮን ፊደልና ጥልፍ ተምሬ ስጨርስ ዳሩኝ። እሱ ለጣሊያኖቹ ያስተረጉማል። ጠዋት ሲወጣ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፎብኝ ይሄዳል።

ባላምባራስ አሮጌ ጠመንጃ ይሰበስብ ነበር፤ ናስማስር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር። ሁሉም ጎናቸው በመጋዝ ተከፍቶ ሞላቸውና መርፌያቸው ይታያል። ነጋዴዎች ለገዢ ማሳያ ያስቆረጧቸው ናቸው ይላል። ስለማይተኩሱ ጣሊያኖቹ ተዉለት። እንግዳ ሲመጣ ምላጩን እየሳበ ያስደንቃል። እኔ አቧራቸውን እጠርጋለሁ።

ባላምባራስ ቤት ሲኖር ቀጥቃጩ አንጁሎ ቢላዋ ሊስል ይመጣል፤ እነዚያን ጠመንጃዎች አፍጥጦ ያያል። ሚስቱ ባዳቾ ደግሞ ቆጮ በረጅም የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በጓሮ አጥር ትገባለች። ሌላ ሰው አላይም።

አንድ ቀን ባላምባራስ እየሳቀ ገባ።

«ጫካ ከገቡት ሽፍቶች ጠመንጃ ተማረከ። ስብሩ ሁሉ ተጠግኗል። ሰደፉ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ጥልፍ ነው የሚመስለው! የአንድ ሰው እጅ ነው ተባለ። ማን እንደሆነ እኔ ነገርኳቸው።»

«ማን ነው?»

«አንጁሎ ነዋ! ዓይኑን አላየሽም? ከኔው ቤት በዓይኑ ሰርቆ ተማረ። ዛሬ አሰሩት፤ ለሐሙስ ገበያ መሃል ይሰቀላል።»

«እሱ አይመስለኝም» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

«ታዲያ ከቀጥቃጭ ሌላ ብረት የሚነካ ማን አለ? የጨዋ ዘር ይነካል? አፍረሽ አፍረሽ ዛሬ አፍ አወጣሽ! በይ ራት አቅርቢ።»

በነጋው ባዳቾ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች።

«እመይቴ፣ እሱ ዶማና ቢላዋ ብቻ ነው የሚያውቀው። እርስዎ ያውቃሉ።»

«ማን ይሰማኛል?»

እውነቴን ነበር። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ባሌ ኪስ ነው። በአጥሩ ሾልኬ ወጥቼ ብጮህ «የባላምባራስ ሚስት አበደች» ነው የሚባለው። የሰው ነፍስ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተመላለስኩ። ጠመንጃዎቹ ሆዳቸውን ከፍተው ያዩኛል።

«ነገ እንደ ወትሮሽ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

«እሱ ታስሮ ሳለ?»

«እሱ ታስሮ ሳለ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ቆልፎብኝ ሲሄድ፣ ባዳቾ በቆጮው መሃል ደብቃ ያመጣችውን ስብር ምንሽር ከተከፈተው ምንሽር አጠገብ አጋድሜ፣ እያስተያየሁ፣ እስከዛሬ ለሽፍቶቹ እንደጠገንኳቸው ሁሉ ጠግኜ፣ ሰደፉ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩበትና ከሐሙስ በፊት ጣሊያኖቹ እንዲያገኙት ኬላው አጠገብ ጥላው እንድትሄድ ነገርኳት።