ሁለት ሰዓት ነው የቀረው

መቱ ያለው የውኃ ፕሮጀክት ቢሮ አስተባባሪ ለመቅጠር ማስታወቂያ ለጠፈ። ጊዜው ያላለፈበት የፕሮጀክት አስተዳደር የሙያ ምስክር ወረቀት ያለው ያመልክት ይላል። ገለኔ አንብባ ፈገግ አለች። በቢሮው ያ ወረቀት ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ችግር ነበር። ወረቀቱን ለማደስ በየሦስት ዓመቱ ስድሳ ሰዓት ትምህርት መከታተል ያስፈልጋል። ገለኔ ሦስቱን ዓመት «ነገ» ስትል ኖራ ዘጠኝ ሰዓት ይጎድላታል። ማመልከቻው ደግሞ ዓርብ ይዘጋል።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ኔትወርክ ፍለጋ ወደ መጋዘኑ መስኮት ሄደች። ቦታው ተይዟል። የንብረት ክፍሉ ዲበኩሉ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከጥቁር ሸሚዝ ወጥቶ አያውቅም። ስልኩ ላይ የሚታየው ትምህርት ያው የእሷው ነው።

«አንተም?» አለችው።

«ሁለት ሰዓት ነው የቀረው» አለ ዓይኑን ሳይነቅል። «ወሩ ካለቀ ይሰረዛል።»

ገለኔ ደነገጠች። እዚህ ቢሮ ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ የዚህን ዝምተኛ ሰው ነገር መች ጠይቃ ታውቃለች!

«ዋቃ ኮ! ባለመጋዘኑ ሊወዳደረኝ ነው» አለቻቸው ለጸሐፊዋ ለእትዬ ምንዳዬ።

«የመጋዘን ቁልፍ ይዞ ያንቺን ወንበር ሊከፍት!» ሳቁ እትዬ ምንዳዬ። «ግን አይፈረድበትም። ሚስቱ ኑኃሚን ከሞተች ወዲህ ልጁን የሚያሳድገው ብቻውን ነው። ደመወዝ ቢያምረው ምን ይገርማል? አንቺ ጥፍርሽን ቀለም ተቀቢ።»

ሐሙስ ገለኔ ዘዴ ዘየደች። ከጎሬ ወዲያ ባለችው ቡሬ የተከማቹት ቧንቧዎች ይቆጠሩ ብላ አለቃውን አሳመነች። ዲበኩሉ ማዳመጫውን ኪሱ ከቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። እሷ የመስኮቱን ወንበር ወረሰች፤ ትምህርቱን ከፈተችና አስተማሪውን ብቻውን እንዲያወራ ትታው ገበያ ወጣች። ስትመለስ ስክሪኑ «አሁንም አሉ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሲያጣ ሰዓቷን ሰርዞባታል።

አሥር ሰዓት ላይ ዲበኩሉ ዝናብ አበስብሶት ገባ።

«ቧንቧው ሙሉ ነው። ትምህርቱም አለቀ። ከጎሬ ወዲያ ኔትወርክ የለም፤ ስመለስ ጎሬ ወርጄ ጨረስኩት።» ፊቷን አየት አደረገ። «ምነው፣ ሰዓትሽን በላብሽ?»

«በላኝ!»

«አሉ ወይ ሲልሽ ከሌለሽ እሱ ምን ያርግ?» ፈገግ አለ። «በየአሥር ደቂቃው ነው የሚጠይቀው። አላርም ሙዪ። ይህን ደብተርም እንኪ፤ የፈተናው ጥያቄዎች ከዚህ አይወጡም።»

ወጥመድ እንዳይሆን ተጠራጥራ ገለጠችው። ግማሹ እንደ ጥልፍ ያማረ ደቃቅ ጽሕፈት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጫር ጫር።

«ሲሰለቸው ያስታውቃል» ብላ ሳቀች። ቢሆንም መስኮቱ ሥር አድራ፣ በዚያው ደብተር ዓርብ ረፋድ ላይ የቀራትን ሁሉ ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላ የታሸገ ማመልከቻዋን ይዛ ስትወጣ ዲበኩሉን ማተሚያው አጠገብ አገኘችው። ብብቱ ሥር አዲስ የመስታወት ፍሬም ይዟል። የታደሰው ምስክር ወረቀት በባለቀለም እየታተመ ነው።

«ማመልከቻህስ?» አለችው።

«የምን ማመልከቻ?»

«ኧረ ተው! ለምንህ ነው ታዲያ?»

«ለልጄ ነው። አልጋዋ ራስጌ እሰቅልላታለሁ።»

«ለሦስት ዓመት ሕፃን የፕሮጀክት አስተዳደር!» እትዬ ምንዳዬ ከወዲያ ሆነው አጨበጨቡ። «እይበት ገለኔ፣ እንዳያታልልሽ!»

ገለኔ ወረቀቱን ከማተሚያው አፍ ላፍ አደረገችው።

«ኑኃሚን ቀጀላ» ይላል፤ ከሥሩም «ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የጸና»።